የቴስታታ ጓርኒሲዮን ለምን ደጋግሞ ይቃጠላል?

የቆዩ መኪናዎችን አሳድሰው የሚነዱ አንባቢዎቻችን ሰሞኑን የላኩልን ጥያቄ አብዛኛው በአንድ ጉዳይ ላይ ነው። ሞተሩ ሙሉ በሙሉ ይታደሳል፣ ብዙ ገንዘብ ይወጣበታል፣ ወራት ሳይቆይ ግን የቴስታታው (የሞተሩ የላይኛው ክፍል) ጋስኬት ወይም ጓርኒሲዮን፣ ማለትም በቴስታታውና ሲሊንደሮቹ ባሉበት ብሎክ መካከል የሚገባው ማሸጊያ፣ ይቃጠላል። ስድስቱን መርጠን መልሰናል።

ጥያቄ፦ እ.ኤ.አ. የ1983 ሥሪት ላዳ 2106 አለኝ። ሲሊንደሮቹ ወደ 79.4 ሚ.ሜ. ሰፍተው፣ ፒስተንና ሪንግ አዲስ ገብቶለት ሞተሩ ታደሰ። ከዚያ ወዲህ ጓርኒሲዮኑ ሁለት ጊዜ ተቃጥሏል፤ ሁለቱም ጊዜ በ2ኛና በ3ኛ ሲሊንደር መካከል ነው። መካኒኩ «ፎርጅድ ነው» ብሎ ሌላ ያስገዛኛል። ሦስተኛውን ከመግዛቴ በፊት ምን ላረጋግጥ? (ከአዲስ አበባ፣ ኮተቤ)

መልስ፦ ፎርጅድ ጓርኒሲዮን ገበያ ላይ መኖሩ እውነት ነው። ሁለት ጊዜ እዚያው ቦታ ላይ ሲቃጠል ግን ጥፋቱን ዕቃው ላይ ማላከክ አያስኬድም። የላዳ ሲሊንደሮች ከመሐል እስከ መሐል የሚራራቁት 95 ሚ.ሜ. ነው። የእርስዎ 79.4 ሚ.ሜ. ስለሆኑ በሁለቱ መካከል የቀረው ብረት 15.6 ሚ.ሜ. ብቻ ነው። ጓርኒሲዮኑ ሁለት ፍንዳታዎችን ለያይቶ የሚይዘው በዚህች ጠባብ ድልድይ ላይ ነው። ቴስታታው ትንሽ ቢጎብጥ ወይም የመሐል ቡሎኖች ቢላሉ መጀመሪያ የሚለቀው እዚያ ነው።

የወጣውን ጓርኒሲዮን እንዳይጥሉት፤ ብርሃን ላይ ይዘው በደንብ ይዩት። በሲሊንደሮቹ ዙሪያ ያለው የብረት ቀለበት ሳይሰበር ከአንዱ ወደ ሌላው የተሻገረ የጥቀርሻ መንገድ ካለ፣ ጓርኒሲዮኑ በቂ ጫና አላገኘም ማለት ነው፤ ቴስታታው ጎብጧል ወይም ቡሎኑ ላልቷል። ቀለበቱ ራሱ በመዶሻ የተመታ ያህል ተቀጥቅጦ ወይም ተሰባብሮ ከሆነ ሞተሩ እያንኳኳ ነበር፤ የማቀጣጠያ ሰዓቱ ቀድሟል ወይም ቤንዚኑ ደካማ ነው። በውሃ ቀዳዳዎቹ ዙሪያ በስብሶ ከሆነ ደግሞ ራዲያተሩ ውስጥ የሚጨመረው ውሃ ነው ጥፋተኛው።

ቀጥሎ ልኩን ያረጋግጡ። የላዳ ጓርኒሲዮን እንደ ሲሊንደሩ ስፋት (በሚ.ሜ.) በሁለት ልክ ይሸጣል። የ76ቱ ለ2101 እና ለ2103 ሞተር ነው፣ የ79ኙ ለ21011 እና ለ2106። ከላይ ሲያዩዋቸው ይመሳሰላሉ፣ የቡሎን ቀዳዳዎቹም ይገጥማሉ፤ ስለዚህ የ76ቱን በ2106 ላይ መግጠም ይቻላል። ያኔ ግን ቀለበቱ በየዙሪያው አንድ ሚሊ ሜትር ተኩል ያህል ወደ ሲሊንደሩ ውስጥ ገብቶ በእሳቱ መሐል ይቀመጣል፣ ይግላል፣ ይቃጠላል። ሻጩ በነገረዎት አይተማመኑ። ጓርኒሲዮኑን ባዶው ብሎክ ላይ ያስቀምጡና በአራቱም ሲሊንደር ዙሪያ ቀለበቱ ከጠርዙ ወደ ውጭ መሆኑን በዓይንዎ ይዩ። የሞተሩ ሞዴል ብሎኩ ላይ ከዘይት ፊልትሩ በላይ ተቀርጿል፤ አዲስ አበባ ውስጥ ሞተራቸው የተቀየረ ላዳዎች ብዙ ስለሆኑ በሊብሬው ላይ ያለውን ሳይሆን ይህን ያንብቡ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንምጣ። ብሎኩ ካስት አይረን፣ ቴስታታው አሉሚኒየም ነው። አሉሚኒየም ሲሞቅ ከብረት እጥፍ ያህል ይለጠጣል፤ ሞተሩ አንዴ ከፈላ ቴስታታው ጎብጦ ይቀራል። ቀጥ ያለ የብረት ማስመሪያ በቴስታታው ፊት ላይ ያቁሙ፤ በቁመቱ በሁለቱም ጠርዝ፣ በሁለቱ ማዕዘን ለማዕዘን መስመሮች፣ በወርዱም በየሲሊንደሮቹ መካከል። ከሥሩ የ0.05 ሚ.ሜ. የፊለር ምላስ (ክፍተት የሚለካበት ስስ ብረት) በየትኛውም ቦታ ማለፍ የለበትም። የ0.10 ምላስ ካለፈ ያለምንም ክርክር ሬቲፊካ ቤት (የሞተር ክፍሎች በማሽን የሚላጡበት) ሄዶ ይላጥ። ያንኑ ልኬት ብሎኩ ላይ ይድገሙት። ብዙ ጋራዦች ቴስታታውን አስልጠው ብሎኩን በዓይን አይተው ያልፉታል፤ ሁለተኛው ጓርኒሲዮን የሚቃጠለውም ብዙውን ጊዜ ከዚህ የተነሳ ነው። ፊቱን ሲያጸዱ በግራይንደር ላይ የሚገጠም የብራሽ ወይም የሸራ ዲስክ አይጠቀሙ። አሉሚኒየሙን በቀላሉ ይቦረቡረዋል፣ የሚወጣው ዱቄትም ዘይት ውስጥ ገብቶ አዲሶቹን ብሮንዚኖች (ክራንክ ሻፍቱ የሚዞርባቸውን ቅርፊቶች) ይበላል። የፕላስቲክ መፋቂያና ቤንዚን በቂ ነው።

መላጥም ወሰን አለው። በ2106 ላይ ግማሽ ሚሊ ሜትር ቢላጥ የመጭመቅ ምጣኔው ከ8.5 ወደ 8.8 ወይም 8.9 ይወጣል። ሞተሩ ለማንኳኳት ይቀርባል፣ ካምሻፍቱም ወደ ታች ስለሚወርድ ሰንሰለቱ እንደገና መወጠር አለበት። ስለዚህ ሬቲፊካ ቤቱን «እስኪስተካከል ብቻ ላጥ» ይበሉት፣ ስንት እንደወጣም ጽፎ ይስጥዎት።

ቡሎኖቹ አሥራ አንድ ናቸው። አሥሩ ወፍራሞቹ 12 ሚ.ሜ. ናቸው፤ አሥራ አንደኛዋ ቀጭኗ 8 ሚ.ሜ. በዲስትሪቢዩተሩ በኩል በውጭ ናት፣ ብዙ ጊዜም ትረሳለች። የብሎኩን የቡሎን ቀዳዳዎች በኮምፕረሰር አየር ንፉ። ታች ዘይት ወይም ውሃ ካለ ቡሎኑ ሲገባ ፈሳሹን ይጨምቀዋል፤ ቶርክ መፍቻው (የጥብቀቱን ልክ የሚያሳየው መፍቻ) «ጠብቋል» ይላል፣ ቴስታታው ግን አልተያዘም። ከዚያም አልፎ ብሎኩን ሊሰነጥቅ ይችላል። ጥርሱ የተበላ፣ የዛገ ወይም መሐሉ የቀጠነ ቡሎን ይቀየር። የቀሩትን በቀጭን የሞተር ዘይት ነክረው ለግማሽ ሰዓት ያንጠፍጥፏቸው። በደረቅ ጥርስ ላይ የሚለካ ጥብቀት አብዛኛው በፍትጊያ ያልቃል።

ማጥበቅ የሚጀመረው ከመሐል ነው፤ በግራና በቀኝ እየተቀያየሩ ወደ ዳር ይወጣሉ። በመጀመሪያው ዙር አሥሩን በ40 ኒውተን ሜትር፣ በመጨረሻው ዙር በ115 ያጥብቁ። ፋብሪካው ለመጨረሻው ከ96 እስከ 118 ይፈቅዳል። እኛ በመካከል በ70 አንድ ዙር ቢጨመር እንመርጣለን፤ ጓርኒሲዮኑ እኩል እየተጫነ ይወርዳል። ቀጭኗን መጨረሻ ላይ በ35 ያጥብቁ፣ በ115 ከሞከሯት ትበጠሳለች። ቶርክ መፍቻ የሌለው ጋራዥ ቴስታታ አይግጠምልዎ፤ በክንድ ስሜት አሥር ቡሎን እኩል የሚያጠብቅ ሰው የለም።

ሥራው በዚህ አያልቅም። እንደ ድሮው የተሠራ ጓርኒሲዮን በመጀመሪያዎቹ የሙቀትና የቅዝቃዜ ዙሮች ይተኛል፣ ቡሎኖቹም ይላላሉ። ፋብሪካው ከ2,000 እስከ 3,000 ኪ.ሜ. ባለው ጊዜ ጥብቀቱ እንዲረጋገጥ ያዛል፤ ለታደሰ ሞተር ግን በ500 ኪ.ሜ. አንድ ጊዜ ቀድሞ ማድረግ ይሻላል። ሞተሩ ሌሊቱን አድሮ ይቀዝቅዝ። ያንኑ ተራ ተከትለው አንድ በአንድ፣ ቡሎኑን ሩብ ዙር ያህል መለስ አድርገው ወደ 115 ያምጡት፤ ሁሉንም በአንድ ጊዜ አይፍቱ። ከዚያ የቫልቮቹን ክፍተት በቀዝቃዛ ሞተር 0.15 ሚ.ሜ. ላይ እንደገና ያስተካክሉ፣ ቴስታታው ሲወርድ ክፍተቱም ይለወጣልና። ማሸጊያው ላይ እንደገና ማጥበቅ አያስፈልግም የሚል ጓርኒሲዮን ከገዙ ግን የአምራቹን ትእዛዝ ይከተሉ።

ጥያቄ፦ «አዲስ አበባ ስለማይሞቅ ቴርሞስታት አያስፈልግም» ተብሎ ከላዳዬ ውስጡ ወጥቶ ተጥሏል። እንዲያም ሆኖ መንገድ ሲዘጋጋ ሙቀቱ ወደ ቀይ ይጠጋል። ራዲያተር ልቀይር? (ከአዲስ አበባ፣ መገናኛ አካባቢ)

መልስ፦ አይቀይሩ፤ መጀመሪያ ቴርሞስታቱን ይመልሱ። የላዳ ቴርሞስታት ሦስት አፍ አለው። ሞተሩ ሲቀዘቅዝ ውሃውን በአጭሩ መንገድ ወደ ፖምፓው ይመልሰዋል፤ ሲሞቅ ያንን መንገድ ይዘጋና ወደ ራዲያተሩ ይልከዋል። ውስጡ ሲወጣ አጭሩ መንገድ ክፍት ሆኖ ይቀራል፣ ከፈላው ውሃ ከፊሉ ራዲያተሩን ሳይነካ ወደ ሞተሩ ይመለሳል። ጠዋት ሞተሩ አይሞቅም፣ ቀን መንገድ ሲዘጋ ይፈላል። ቴስታታው በሁለቱም ይጎዳል።

ከቴርሞስታቱ በላይ ግን የራዲያተሩን ክዳን እንጠረጥራለን፤ አዲስ አበባ ላይ ይህች ክዳን ከየትኛውም ዕቃ የበለጠ ጓርኒሲዮን ታድናለች። ከተማዋ ከባሕር ጠለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነች ውሃ በድስት ውስጥ የሚፈላው በ92 ዲግሪ አካባቢ ነው። የላዳ ቴርሞስታት ሙሉ በሙሉ የሚከፈተው በ94 ነው። ኤሌክትሪክ ፋን ላላቸው የሚገጠመው የተለመደው ሴንሰርም ፋኑን የሚያስነሳው በ92 ነው። ክዳኑ ጫና ካልያዘ እንግዲህ ፋኑ ገና ሲነሳ፣ ቴርሞስታቱ ሙሉ በሙሉ ሳይከፈት ውሃው ይፈላል። እንፋሎቱ በቴስታታው ውስጥ ኪስ ይሠራል፣ በዚያ ቦታ አሉሚኒየሙ ያለ ውሃ ይግላል። ደህና የላዳ ክዳን ግማሽ ከባቢ አየር ያህል ጫና ይይዛል፤ በዚያ ጫና የአዲስ አበባ ውሃ እስከ 106 ዲግሪ ገደማ ሳይፈላ ይቆያል። አሥራ አራት ዲግሪ በአንድ ክዳን የሚገኝ ጥበቃ ነው።

ክዳኑን ሞተሩ ሲቀዘቅዝ ከፍተው ሁለቱን ጎማዎች ይዩ። የታችኛው ጫና ይይዛል። የላይኛው ደግሞ ሞተሩ ሲቀዘቅዝ ራዲያተሩ ከፕላስቲኩ ጋን ውሃ መልሶ እንዲስብ ያደርጋል። ጋኑ ሙሉ ሆኖ ራዲያተሩ ጎድሎ ካገኙ የላይኛው ጎማ አልቋል ማለት ነው። ጋኑን ብቻ እያዩ «ውሃ አለው» የሚሉ ብዙዎች ሞተራቸውን ያበላሹት እንዲህ ነው። የውሃ ፖምፓውን ቺንጋም ይጫኑት፤ በ10 ኪሎ ግፊት ከ10 እስከ 15 ሚ.ሜ. መርገብ አለበት።

ውሃውን በተመለከተ፣ ሲስተሙ ማሞቂያውን ጨምሮ ወደ 9.85 ሊትር ይይዛል። ግማሹ ኩላንት፣ ግማሹ የተጣራ ውሃ ይሁን። አዲስ አበባ ላይ በረዶ ባያሰጋም ኩላንቱ አሉሚኒየሙን ከመበስበስ ይጠብቃል፣ የመፍያ ዲግሪውንም ከፍ ያደርጋል። ሲሞሉ የማሞቂያውን ቧንቧ ይክፈቱ፣ አለዚያ አየር ታስሮ ይቀራል። ጋኑን ከዝቅተኛው ምልክት በላይ ከ3 እስከ 4 ሳ.ሜ. ይሙሉ።

ጥያቄ፦ ጓርኒሲዮኑ በሲሊኮን ተቀብቶ ቢገጠም አይሻልም? (ከሐዋሳ)

መልስ፦ አይሻልም። የላዳና መሰሎቹ ጓርኒሲዮን በደረቁ፣ ዘይት ባልነካው ንጹሕ ፊት ላይ ነው የሚገባው። ሲሊኮን ሲጫን ይንሸራተታል፣ በውሃና በዘይት ቀዳዳዎች ውስጥ ተንጠልጥሎ ይቀራል፣ ሲቆረጥም ጠባብ መተላለፊያ ይደፍናል። ሲሊኮን የሚሸፍነው ጉብጠት ካለ ቴስታታው መላጥ አለበት።

ጥያቄ፦ ቮልስዋገን ቢትል 1600 አለኝ። በአንድ በኩል «ፉሽ ፉሽ» የሚል ድምፅ ስላለው የቴስታታ ጓርኒሲዮን ግዛ ተብያለሁ። ሱቆቹ ግን የለም ይሉኛል። (ከባሕር ዳር)

መልስ፦ ሱቆቹ ልክ ናቸው። በዚህ ሞተር ላይ ሲሊንደሩ በቀጥታ ቴስታታው ላይ ይቀመጣል፣ በመካከላቸው ጓርኒሲዮን የለም። አየሩ የሚያመልጠው ብዙውን ጊዜ የቴስታታው ረጃጅም ስታዶች (ጥርስ ያላቸው ማሰሪያ ዘንጎች) ከማግኒዚየሙ ካርተር (ከሞተሩ የታችኛው አካል) ላይ ጥርሳቸውን ነቅለው ሲላሉ ነው። ዳዶው እየዞረ የማይጠብቅ ከሆነ ይኸው ነው፤ ካርተሩ ላይ የብረት ቡሽ ተገጥሞ አዲስ ጥርስ ይውጣለት። ስታዱ 10 ሚ.ሜ. ከሆነ ጥብቀቱ 32፣ 8 ሚ.ሜ. ከሆነ 25 ኒውተን ሜትር ነው። ከዚህ ማስበለጥ ስታዱን ይነቅላል።

ጥያቄ፦ የፔጆ 404 ሞተር አሳድሼ ልገጥም ነው። መካኒኩ ቴስታታውን ካወረደ በኋላ ሞተሩን በእጅ እያዞረ ሲያየው ሰነበተ። ጉዳት አለው? (ከድሬዳዋ)

መልስ፦ አለው፣ እንዲያውም ከባድ ነው። የ404ቱ 1,618 ሲ.ሲ. ሞተር እንደ ላዳው አይደለም። ሲሊንደሮቹ ተነቃይ ናቸው፣ ሊነር ይባላሉ፤ ውሃው በቀጥታ ውጫቸውን ያጥባል፣ ከሥራቸው በቀጭን ጓርኒሲዮን ብሎኩ ላይ ይቀመጣሉ። ወደ ታች የሚይዛቸው ቴስታታው ብቻ ነው። ቴስታታው ወርዶ ሞተሩ ሲዞር ፒስተኖቹ ሊነሮቹን ይዘው ያነሳሉ፣ የሥሩ ጓርኒሲዮንም ይላቀቃል። ከዚያ በኋላ ላዩ እንዴትም ቢገጠም ውሃ በሥሩ ወደ ካርተር ይወርዳል። መዞር ካለበት አስቀድሞ ሊነሮቹ በቡሎንና በሰፊ ሮንዴላ ታስረው መሆን አለበት።

አሁን ሊነሮቹ ወጥተው የሥር ጓርኒሲዮናቸው ይቀየር፣ የሚቀመጡበትም ከዝገት ይጽዳ። ሲመለሱ እያንዳንዱ ሊነር ከብሎኩ ፊት በላይ በጥቂት መቶኛ ሚሊ ሜትር ከፍ ማለት አለበት፤ ጓርኒሲዮኑን የሚጫነው ያ ትርፍ ነው። በጎረቤታሞች መካከል ያለው የከፍታ ልዩነት ከ0.05 ሚ.ሜ. እንዳይበልጥ በዲያል ጌጅ ይለካ። ዝቅ ያለው ሊነር የሚቃጠለው ይሆናል። ከፍታው የሚስተካከለው በተለያየ ውፍረት በሚሸጠው የሥር ጓርኒሲዮን ነው፣ የብሎኩን ፊት ዝም ብሎ በመላጥ አይደለም።

የድሬዳዋ ሙቀት ስላለ የፋኑንም ነገር አይርሱ። 404 ላይ ፋኑ በኤሌክትሮማግኔት ፍሪሲዮን (ክላች) ይያዛል፤ ሞተሩ ሲሞቅ ብቻ ነው ከፑሌጂያው (ቺንጋው ከሚያዞረው መዘውር) ጋር የሚዞረው። የካርቦን ብሩሹ ካለቀ ወይም ሽቦው ከተበጠሰ ፋኑ በነፋስ ብቻ እየተንቀሳቀሰ የሚሠራ ይመስላል። ሞተሩ በደንብ ሞቆ በቆመበት ፋኑ በኃይል መዞሩን ያረጋግጡ።

ጥያቄ፦ ጓርኒሲዮኑ ጨርሶ ሳይቃጠል ቀድሞ ማወቅ ይቻላል? ኮምፕሬሽን (የሲሊንደሮቹን የመጭመቅ ጫና) አስለክቼ ነበር፤ አራቱም ከ7.5 እስከ 8 ኪሎ ናቸው፣ መጽሐፉ ግን 10 ይላል። ሞተሩ ሞቷል ተባልኩ። (ከአዲስ አበባ፣ ሳሪስ)

መልስ፦ ሞተርዎ አልሞተም። መጽሐፉ የተጻፈው ለባሕር ጠለል ነው። አዲስ አበባ ላይ አየሩ በሩብ ያህል የሳሳ ስለሆነ መጽሐፉ 10 የሚለው እዚህ 7.5 ገደማ ይሆናል። ጤነኛ ሞተር በዚህ ቁጥር ምክንያት ፈርሶ እንዳይታደስ እዚህ ከተማ ያለ መካኒክ ሁሉ ቢያውቀው እንወዳለን። ሊያሳስብዎ የሚገባው በሲሊንደሮች መካከል ያለው ልዩነት ነው፤ ከ1 ኪሎ መብለጥ የለበትም። ጎረቤታሞች የሆኑ ሁለት ሲሊንደሮች አብረው ከወረዱ፣ ለምሳሌ ሁለቱ 8 ሆነው ሁለቱ 4 ከሆኑ፣ በመካከላቸው ጓርኒሲዮኑ ለቋል። ሲለኩ ሞተሩ የሞቀ፣ አራቱም ካንዴላዎች የወጡ፣ የነዳጅ ፔዳሉ እስከ ታች የተረገጠ፣ ባትሪውም የሞላ ይሁን።

ቀድመው የሚታዩ ምልክቶች አሉ። ጠዋት ሞተሩ ቀዝቃዛ ሳለ ክዳኑን ከፍተው ያስነሱት፤ ውሃው ገና ሳይሞቅ የማያቋርጥ አረፋ ካወጣ የሲሊንደር ጋዝ እየገባበት ነው። የላይኛው የራዲያተር ቱቦ ሞተሩ ከተነሳ በሁለት ደቂቃ ውስጥ ድርቅ ካለም እንዲሁ። ጋዙን የሚለይ ሰማያዊ ፈሳሽ ያለው መመርመሪያ የሚይዝ ጋራዥ ካገኙ ፈሳሹ ወደ ቢጫ ሲለወጥ ጥርጣሬ አይኖርም። ውሃ የሚያጎድል፣ ግን ከሥሩ የማያንጠባጥብ መኪና ካንዴላዎቹ ይውጡና ይታዩ፤ ከሌሎቹ ይልቅ ታጥቦ የነጣው ካንዴላ ያለበት ሲሊንደር ውሃ እየጠጣ ነው። የዘይቱ መለኪያ ዘንግ ላይ ቡና በወተት የመሰለ ዝቃጭ ካዩ ሞተሩን ከዚያ በኋላ አያስነሱት፤ ውሃ የተቀላቀለበት ዘይት አዲሶቹን ብሮንዚኖች በጥቂት ኪሎ ሜትር ይጨርሳቸዋል።

መንገድ ላይ የሙቀት መለኪያው ወጥቶ ወጥቶ በድንገት ወደ ታች ቢወርድ «ቀዘቀዘ» ብለው አይቀጥሉ። ውሃው አልቆ ሴንሰሩ እንፋሎት ውስጥ ቀርቷል ማለት ነው። ወዲያው ቆመው ያጥፉት፤ ቀዝቃዛ ውሃም በጋለ ቴስታታ ላይ አያፍስሱ፣ ክዳኑን በእጅ መንካት እስኪቻል ይጠብቁ።